ያላነበብኩት ደብተር

ልጄ ፈረንሳይ በመጣ በሦስተኛው ወር ክፍሉ በሙሉ ሙዚየም ሊጎበኝ ሄደ። እሱ ብቻ ቀረ። ያስቀረሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደብተሩ ላይ ተለጥፋ የመጣች ቁራጭ ወረቀት ነበረች። «እፈቅዳለሁ / አልፈቅድም» ትላለች። ከሥሯ በደቃቅ ፊደል «የማያስፈልገውን ይሰርዙ» ተብሎ ተጽፏል። እኔ ደቃቋን ጽሑፍ ልብ አላልኳትም። «እፈቅዳለሁ» የምትለዋን ቃል ለይቼ በማወቄ ደስ ብሎኝ፣ ይቺን መርጫለሁ ለማለት ላይዋ ላይ በእስክሪብቶ ግጥም አድርጌ አሰመርኩ። ፈረምኩ። ለመንገድ ብዬ ዳቦ በማርማላታ ቦርሳው ውስጥ ከተትኩለት።

ያን ቀን ሌላ ክፍል ተወስዶ፣ በሁለት ዓመት ከሚያንሱት ልጆች ኋላ ተቀምጦ ሥዕል ሲስል ዋለ። ማታ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቶ «እማ፣ ለምን ከለከልሽኝ?» አለኝ። እኔ ምኑንም አላወቅሁ። ደብተሩን አውጥተን አብረን አየነው። አስተማሪዋ ደውላ አልጠየቀችኝም። ምን ብላ ትጠይቅ? ፊርማዬ አለበት።

ይህን የምጽፈው በቅርቡ ልጅ ላመጡ ወይም እዚሁ ለወለዱ የአገሬ ሰዎች ነው። ሁለት ልጆች አሉኝ። ትልቁ አዲስ አበባ እናቴ ዘንድ አድጎ በ2016 በዘጠኝ ዓመቱ መጣ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው)። ትንሿ በዚያው ዓመት እዚህ ተወለደች። የምንኖረው ከፓሪስ ወጣ ብላ ባለች ከተማ ነው። እኔ ያኔ ከሌሊቱ አስር ሰዓት ተነስቼ ቢሮ አጸዳለሁ። ልጁን የሚያደርሰው አባቱ ነው፣ እሱም ከሌሊት ፈረቃ ሲመለስ፣ ዓይኑ በእንቅልፍ እየተጨፈነ።

ምዝገባው የሚያስፈራውን ያህል አይከብድም። ለማተርኔል (ለመዋዕለ ሕፃናት) እና ለአንደኛ ደረጃ መጀመሪያ የሚኬደው ትምህርት ቤቱ ጋ ሳይሆን ሜሪ ነው፣ ማዘጋጃ ቤት ማለት ነው። የልደት ወረቀት፣ የአድራሻ ማስረጃና የክትባት ወረቀት ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። የመንግሥት ከሆነ የትኛው ትምህርት ቤት እንደሚገባ የሚወስነው አድራሻችሁ ነው። አንድ ነገር ግን ያዙልኝ፦ የወላጅ የመኖሪያ ፈቃድ ለልጅ ምዝገባ መስፈርት አይደለም። ወረቀታችን ገና ነው ብላችሁ ልጅ ቤት አታስቀምጡ። እንዲያውም ከ2019 ወዲህ ትምህርት ግዴታ የሆነው ከሦስት ዓመት ጀምሮ ነው። ድሮ ከስድስት ነበር። የኔዋ ትንሿ ማተርኔል የገባችው ልክ በዚያ መስከረም ነው።

ፈረንሳይኛ ሳይችል ለመጣ ልጅ ዩፔዱአ የሚባል የቋንቋ ክፍል አለ። ልጁ በዕድሜው ክፍል ተመዝግቦ፣ በሳምንት የተወሰኑ ሰዓታት ለቋንቋ ብቻ ይወጣል። የኔው ልጅ አምስት ወር ሙሉ ክፍል ውስጥ ቃል አልተነፈሰም። ቤት ሲገባ ግን ወሬው አያልቅም። እኔ ሌሊት ሌሊት አለቀስኩ፤ ምነው ከእናቴ ጉያ ነጥቄ ባላመጣሁት እስክል ድረስ። በስድስተኛው ወር አንድ ቀን የግቢው በር ላይ ቆሜ፣ በኳስ ተጣልቶ በፈረንሳይኛ ሲሳደብ ሰማሁት። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ።

በሒሳብ እንኳን ይጽናናል ብዬ ነበር። ማባዣ ሰንጠረዡን አያቱ ከበሮ እየመታች አስጠንታው ነው የመጣው። ግን ሒሳቡም በቀይ ተሞልቶ መጣ። ሦስት ተኩልን በነጥብ ሲጽፍ እነሱ በነጠላ ሰረዝ ነው የሚጽፉት። ማካፈል ሲሠራ ቁጥሮቹን የሚደረድርበት ቦታ ከነሱ የተለየ ነው። የኛ 1 ቀጥ ያለች እንጨት ናት። የነሱ 1 ረጅም አፍንጫ አላት፤ ለኛ ዓይን 7 ትመስላለች። ስለዚህ 7ን እንዳትምታታ ወገቧን መቀነት ያስታጥቋታል። ልጁ ሰሌዳ ላይ 1ን 7 እያለ ይገለብጥና መልሱ ይሳሳታል። የእጅ ጽሑፋቸውም አንዱ ፊደል ካንዱ የተያያዘ ነው። ልጄ የሚያውቀው የመጽሐፉን ፊደል ነው። አስተማሪዋ ቋንቋው አልገባውም ብላ ስታስብ፣ ግማሹ ችግር የሰሌዳውን ጽሑፍ ማንበብ አለመቻሉ ነበር። ይህን ያወቅነው ዘግይተን ነው። ልጃችሁ ገና ከመጣ በመጀመሪያው ሳምንት «የተያያዘ ጽሑፍ ማንበብ አይችልም» ብላችሁ ንገሩ።

ግን እንዴት እነግራለሁ? የኔ ትልቁ ጥፋት እዚህ ጋ ነው።

እኔ ያደግኩት መምህር ሲያልፍ ተነስተን በምንቆምበት ሰፈር ነው። ትምህርት ቤት ወላጅ የሚጠራው ልጅ ሲያጠፋ ነው። «ወላጅ አምጣ» ከተባለ ጉድ ፈልቷል ማለት ነው። ስለዚህ ካልጠሩኝ ሰላም ነው አልኩ። በር ላይ አስተማሪዋን ሳያት አንገቴን ደፋ አድርጌ፣ እጅ ነስቼ አልፋለሁ። ማክበሬ ነው። ዓመቱ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው እሷው መንገዴ ላይ ቆመችና «አንፋ!» አለችኝ። «በስንት ጊዜ!» እንደማለት ነው። ፈገግ ስላለች እኔም ፈገግ አልኩ። ለካ ሦስት ጊዜ ለቀጠሮ ጽፋልኛለች። ከሦስቱም ሥር ፊርማዬ ጉብ ብሏል። እሷ የምታውቀኝ ሁሉን አይታ፣ ፈርማ፣ የማትመጣ እናት አድርጋ ነው። እኔ ደግሞ እሷን እያከበርኳት ነበር።

ደብተሩ ካዬ ደ ሊዬዞን ይባላል፤ ቤትና ትምህርት ቤት የሚነጋገሩበት ነው። ኮሌጅ (ከአንደኛ ደረጃ ቀጥሎ ያለው ትምህርት ቤት) ሲደርሱ አብዛኛው ነገር ፕሮኖት ወደሚባለው የስልክ መተግበሪያና መሰል ድረ ገጾች ይዞራል። ፈረንሳይ ትምህርት ቤት ልጁን «ለእናትህ ንገራት» ብሎ አይልከውም። ይጽፋል። የጻፈውን ካልመለሳችሁለት ተስማምታችኋል ማለት ነው። ያ ክረምት ካለፈ በኋላ ደብተሩ ማታ ማታ ምድጃው አጠገብ መቀመጥ ጀመረ። ሽንኩርቱ እስኪቁላላ ድረስ ገጹን በስልክ ፎቶ አንስቼ አስተረጉማለሁ። አንድ ዓረፍተ ነገርም በቃሌ ያዝኩ፦ «ዠ ሱዌት ኧን ራንዴቩ»። ቀጠሮ እፈልጋለሁ ማለት ነው። ስጽፋት የፊደል ስህተት አይጠፋትም። አንድም ጊዜ ግን መልስ አጥታ አታውቅም። ቀጠሮው ላይ ፈረንሳይኛችሁ ካልበቃ አስተርጓሚ ወይም ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ይዛችሁ መግባት እንደምትፈልጉ እዚያው ጻፉ። ልጁን አስተርጓሚ አታድርጉት። የኔው አንድ ጊዜ ተርጓሚ ሆኖ ስለ ራሱ ጥፋት የተነገረውን «ጎበዝ ነው አለች» ብሎ ነግሮኛል።

ሌላም የማክበር ጉዳይ ነበር። ልጁ ሲቆጡት ዓይኑን መሬት ላይ ይተክላል። እናቴ ያሳደገችው እንደዚያ ነው። እዚህ ግን «ሳናግርህ እየኝ!» ይሉታል። ዓይኑን ካላነሳ ንቆኛል ይላሉ። ቀና ካለ ደግሞ ቤት ሲመጣ እኔ «ምን ታፈጥብኛለህ» እለዋለሁ። ምስኪን። አንድ ቀን አስቀምጬ «እዚያ እያቸው፣ እዚህ እኔን አትይ» አልኩት። ሳቀ። ለመደውም።

የእናቴን ነገር ሳላወራ ባልፍ አይሆንልኝም። አንደኛ ደረጃ አምስት ዓመት ነው። ከዚያ በአስራ አንድ ዓመት የሚገባበት ቤት ስሙ ኮሌጅ ነው። በ2018 ደውዬ «ኮሌጅ ገባ» አልኳት። እልልታዋ ከስልኩ አልፎ ተሰማ። ጎረቤት ጠርታ ቡና አፈላች፣ ድፎ ተቆረሰ። እኔም ደስታዋ አሳዝኖኝ አላረምኳትም። በዓመቱ ስንተኛ ደረሰ አለችኝ። ፈረንሳዮች ደግሞ ክፍል የሚቆጥሩት ወደ ታች ነው። ኮሌጅ በስድስተኛ ተጀምሮ አምስተኛ፣ አራተኛ እያለ ሦስተኛ ላይ ያልቃል። «አምስተኛ ገብቷል» አልኳት። ዝም አለች። ቆይታ «ከኮሌጅ አባርረውት ነው?» አለችኝ። በሚቀጥለው ዓመት አራተኛ ሲገባ ለቅዱስ ገብርኤል ተሳለች። እስከ ዛሬም ሙሉ በሙሉ ያመነችኝ አይመስለኝም።

ውጤቱም እንዲሁ ያሳስታል። ከ20 ነው የሚሰጠው። ልጄ 13 ይዞ ሲመጣ በኛ ሒሳብ 65 ከመቶ ነው ብዬ ጮህኩበት። ወረቀቱን ሳነብ አስተማሪው «ጥሩ ሥራ» ብሎበታል። እዚህ 12 ደህና ነው፣ 14 ጥሩ፣ 16 በጣም ጥሩ። በባካሎሪያው (ባክ በሚሉት የሁለተኛ ደረጃ መጨረሻ ፈተና) ላይ የሚጻፈው ማዕረግም በነዚሁ ቁጥሮች ነው የሚጀምረው። 20 ከ20 ማግኘት፣ በተለይ በድርሰት፣ እንደ ተአምር ነው የሚታየው። የሚያናድደኝ አስተያየታቸው ነው። «ከዚህ የተሻለ ይችላል» የምትል ነገር አለቻቸው፤ ለሁሉም ልጅ የሚሰጧት ይመስለኛል።

ስለ ማተብ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። በ2004 የወጣ ሕግ አለ። በመንግሥት ትምህርት ቤት ሃይማኖትን ጎላ አድርጎ የሚያሳይ ነገር መልበስ ይከለክላል። እኔ ይህን ሰምቼ በመጀመሪያው ቀን ማተቡን በመቀስ ልቆርጥ ነበር። አባቱ መቀሱን ቀማኝ። ትንሽ መስቀል፣ በተለይ ሸሚዝ ውስጥ ያለች፣ ሕጉ አይነካትም። ክልከላው ለትልልቁና ከሩቅ ለሚታየው ነው። ልጆቼ ሁለቱም ማተባቸውን አድርገው ነው የሚማሩት፤ ማንም ምንም ብሏቸው አያውቅም።

ጾም ግን ከባድ ነው። ካንቲን (የትምህርት ቤቱ ምግብ ቤት) በሃይማኖት ምክንያት የተለየ ምግብ የማዘጋጀት ግዴታ የለበትም። ቢያንስ በሳምንት አንድ ቀን ሥጋና ዓሣ የሌለበት ምግብ አለ፣ ግን አይብና እንቁላል አይጠፋበትም። ረቡዕ ከሰዓት ትምህርት ስለሌለ ቤት ይበላሉ፤ ትንሿ ስትገባማ ከተማችን ረቡዕን ጭራሽ ዘግታዋለች። ዓርብ ብዙ ጊዜ ዓሣ ነው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ አልከፍተውም። የነፍስ አባታችን «የቀረበለትን ይብላ፣ ቤት ሲመጣ ይጹም» ብለው ገላገሉን።

ከሃይማኖቱ ይልቅ በካንቲን ኪሴን ያቃጠለኝ ዋጋው ነው። በብዙ ከተሞች የሚከፈለው በቤተሰብ ገቢ ልክ ነው። የገቢ ማስረጃችሁን በጊዜው ካላስገባችሁ ግን ትልቁን ዋጋ ይጥሉባችኋል። ቢሮ የማጸዳ ሴት ሰባት ወር ሙሉ እንደ ሀብታም ከፈልኩ። ለመጠየቅ ስሄድ «ደብዳቤ ልከናል» አሉኝ። ልከውም ነበር፤ መሳቢያ ውስጥ አገኘሁት። የከፈልኩት አልተመለሰም። በተቃራኒው ነሐሴ ላይ ካፍ (የቤተሰብ ድጎማ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት) ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ቤተሰቦች፣ ከ6 እስከ 18 ዓመት ላለ ልጅ፣ ለቦርሳና ለደብተር የሚሆን ገንዘብ ይሰጣል። በቅርብ ዓመታት ለአንድ ልጅ ከ400 ዩሮ ያልፋል። ልጁ 16 ከሞላ ግን አሁንም እየተማረ መሆኑን እናንተ ማሳወቅ አለባችሁ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። የኮሌጅ መጨረሻ፣ ሦስተኛ የሚሉት ክፍል፣ የልጁ መንገድ የሚለይበት ዓመት ነው።

በዚያ ዓመት ተማሪው አንድ ሳምንት መሥሪያ ቤት ገብቶ ሥራ ያያል። ስታዥ ይሉታል። ቦታውን የሚፈልገው ልጁ ራሱ ነው፣ ማለትም ቤተሰቡ። የክፍል ጓደኞቹ የአባታቸው ቢሮ፣ የአክስታቸው ክሊኒክ ገቡ። የኛ ልጅ ሃያ ቦታ ጠይቆ ከሃያውም አጣ። ያኔ ነው እየወለወልኩት የኖርኩት ቢሮ ትዝ ያለኝ። የአርክቴክቶች ቢሮ ነው። ከካርቶን የተሠሩ ትንንሽ ቤቶች ጠረጴዛው ላይ አሉ፤ አቧራቸውን የማራግፈው በቀለም ብሩሽ ነው፣ እንዳይሰበሩ። ሠራተኞቹ ሲገቡ እኔ እወጣለሁ፣ አንተያይም። ልጄን ደብዳቤ አጻፍኩትና ከነዚያ ትንንሽ ቤቶች በአንደኛው አጠገብ ትቼ ወጣሁ። ከሥሩ «ቢሮውን የማጸዳው እናቱ ነኝ» ብዬ በእጄ ጨመርኩበት። በማግስቱ እዚያው ቦታ ላይ ቢጫ ወረቀት ጠበቀኝ፦ «ይምጣ»።

ሄደ። አምስት ቀን ውሎ ሲመለስ ሌላ ልጅ ሆኖ ነው። ማታ ማታ የቤታችንን ወለል በሜትር እየለካ መሳል ጀመረ።

ጥር አልፎ የሁለተኛው ወሰነ ትምህርት ውጤት መጣ። አማካዩ አስራ አንድ ተኩል። የክፍል ኃላፊው አስተማሪ ጠራን። «በጣም ጨዋ ልጅ ነው» አለን። ከዚያ ለሙያ ትምህርት እንደሚያስቡት ነገረን። ተግባረ እድ በሉት። እኔ ሦስት ጊዜ «መርሲ» ብዬ ወጣሁ። አውቶቡስ ውስጥ ልጄ በመስኮት ወደ ውጭ እያየ «ሥዕሉ ቀረ ማለት ነው?» አለኝ።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ቡና ላይ ይህን ሳወራ፣ ሦስት ልጆች እዚህ ያስተማረች አንዲት ሴት ስኒዋን አስቀምጣ «ምን አልሽ ታዲያ?» አለችኝ። አመሰገንኩ አልኳት። «አመሰገንሽ! እነሱ እኮ እስካሁን አስተያየት ነው የሰጡሽ። መጀመሪያ የሚጻፈው ያንቺና የልጅሽ ፍላጎት ነው» አለችኝ። እሷ እንደነገረችኝ ነው የሆነው። ወላጅ የሚፈልገውን የሚጽፍበት ቅጽ አለ። በሁለተኛው ወሰነ ትምህርት የሚሰጠው መልስ ጊዜያዊ ነው። በሦስተኛው ካልተስማማችሁ ርዕሰ መምህሩ ሳይወስን በፊት ያነጋግራችኋል። ከዚያም ካልተስማማችሁ ይግባኝ የሚሰማ ኮሚሽን አለ። ጊዜው ግን የቀናት ጉዳይ ነው፣ እያዩ ያልፋል።

ሰፈራችን ልጆችን የቤት ሥራ የሚያግዙ በጎ ፈቃደኞች አሉ። አንዷ ጡረተኛ ደብዳቤውን አብራኝ ጻፈች። ሰኔ ላይ ርዕሰ መምህሩ ጋ ገባን። የስድስተኛ ክፍል ውጤቱን ይዤ ነበር፣ ስምንት። የዚያን ጊዜውን አጠገቡ አስቀመጥኩ፣ አስራ ሁለት ሊሞላ ጥቂት የቀረው። ምንም አልተናገርኩም፤ ጣቴን ከአንዱ ወደ ሌላው ወሰድኩ። ልጁ ግን ተናገረ። ዓይናቸውን እያየ። ስለ ካርቶን ቤቶቹ ነገራቸው። ጠቅላላው አስር ደቂቃ አልፈጀም። ሊሴ (ከኮሌጅ ቀጥሎ ያለው ትምህርት ቤት)፣ ሰጎንድ ጄኔራል (የሙያ ያልሆነው የመጀመሪያ ክፍል) እንዲገባ ተወሰነ።

የሙያ ትምህርትን ለመናቅ እንዳይመስልብኝ። የጎረቤቴ ልጅ በዚያ መንገድ ኤሌክትሪሺያን ሆኖ ዛሬ ከኔ ሁለት እጥፍ ያገኛል። እሱ ግን ፈልጎ ነው የገባው። የኛ ልጆች ብዙ ጊዜ የሚገቡት ወላጅ «መርሲ» ብሎ ስለወጣ ነው።

ሊሴ ሦስት ዓመት ነው። ልጄ ከሰጎንድ በኋላ ራሱ ወደ ቴክኖሎጂው ባክ አዘነበለ፣ ግንባታና ዲዛይን ያለበት። በ2025 ተፈተነ። አራት ሰዓት የፍልስፍና ፈተና አለ፤ በጄኔራሉም ሆነ በቴክኖሎጂው ባክ ሊጽፍ የግድ ነው። ሲወጣ ምን ተጠየቅህ አልኩት። ሲነግረኝ አልገባኝም፣ ግን ደስ ይላል። ዩኒቨርሲቲ የሚመረጠው ፓርኩርሱፕ በሚባል ድረ ገጽ ነው። እሱን እኔ አልችለውም፤ ልጁ ማታ ማታ ሲያየው ሻይ ማቅረብ ነበር ሥራዬ። አሁን ሲቪል ምህንድስና ሦስት ዓመት ሊማር ጀምሯል።

ቤት ውስጥ ግን የምናወራው አማርኛ ነው። አንድ ሰሞን ለትንሿ ስል ፈረንሳይኛ ላውራ ብዬ ነበር። የማተርኔል አስተማሪዋ ናት የከለከለችኝ። «በሚቀልሽ ቋንቋ በደንብ አውሪላት፤ ፈረንሳይኛውን ለኛ ተዪው» አለችኝ። ልክ ነበረች። የቸገረን አንቱታ ነው። አያቷን በስልክ «አንቺ» ስትል እናቴ ትስቃለች፣ እኔ ግን አፍራለሁ። አንድ ቀን «አስተማሪሽን ቱ ነው ወይስ ቩ የምትያት?» አልኳት። «ቩ!» አለች፣ ደንግጣ። «እርስዎ ማለት ቩ ነው» አልኳት። ከዚያ ወዲህ አያቷ ቩ ናቸው። የቤቱ ድመትም አንዳንዴ እርስዎ ትባላለች።

ትንሿ ዘንድሮ ወንድሟ መጀመሪያ የገባበት ክፍል ደርሳለች። ባለፈው ሳምንት ደብተሯን ምድጃው አጠገብ አስቀመጠችልኝ። ሙዚየም ሊሄዱ ነው። «እፈቅዳለሁ / አልፈቅድም።» እስክሪብቶ ሳነሳ ወንድሟ ከኋላዬ መጥቶ ቆመ።

«እማ፣ የማትፈልጊው ነው የሚሰረዘው» አለኝ።

«አውቃለሁ» አልኩት። ሽንኩርቱ ሊያርብኝ ነበር።